የማሲንቆው ይሻላል

ዘበኛው አዲሱን እስረኛ በእርግጫ ብሎ ወደ እስር ክፍሉ ሲጥለው፣ ሁለት ጓደኛሞች ግድግዳ ተደግፈው ስለ ገና ዘፈን ይከራከሩ ነበር።

«የሴትዮዋን የሚያህል የለም» አለ ጥላዬ።

«ሂድ እዚያ! የሕፃናቱ ይበልጣል» አለ መንክር። «ጀመሩ ስትል አበቁ።»

አዲሱ እስረኛ የተሰነጠቀ ከንፈሩ እያመመው ፈገግ አለ። ሰው የበዓል ዘፈን የሚያማርጥበት ቦታ ያን ያህል አይከፋም።

«እኔስ የሽማግሌውን ነው የምወደው» አለ ጮክ ብሎ፤ «በማሲንቆ አዝማቹን እየመላለሱ የሚዘፍኑትን። ባያልቅ ደስ ይለኛል።»

ጥላዬ በጉልበቱ ድሆ መጥቶ አፉን አፈነው። ግን በሩ ተከፈተ። ዘበኛው በአንድ እጁ ቴፕ፣ በሌላው የገና መጫወቻ ዱላ ይዟል።

«የማሲንቆውን የመረጠው ማነው? ና ውጣ!»

ሰውየው የሁለቱን እግር ያየው ያኔ ነው። ውስጥ እግራቸው ተተልትሎ ሥጋው ይታያል።

«ለበዓሉ ብለው ዘፈን ያስመርጡናል» አለው ጥላዬ እንባው እየወረደ። «ዘፈኑ እስኪያልቅ ድረስ ይገርፉናል።»

የመጀመሪያው ዱላ ቅልጥሙን ሲሰብረው፣ ቴፑ ላይ ሽማግሌው መዝፈን እንኳን አልጀመሩም፤ ማሲንቆአቸውን እየቃኙ ነበር።