አባት የጠየቋቸው ቃላት

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ እህትና ወንድም ተማክረው የአባታቸውን ስልክ ቀሙ።

ስልኩ ተዘግቶ በወንድምየው መነጽር መሥሪያ ቤት፣ የባንኮኒው መሳቢያ ውስጥ ተቆለፈበት። አባትየው አልጮሁም። "አንድ መልእክት ብቻ ልላክላት፤ ትጨነቃለች" ብለው ለመኑ። የሰማቸው የለም።

አባትየው ጡረታ ሳይወጡ የመብራት ቆጣሪ አንባቢ ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው በር ሲያንኳኩ፣ የሰው ውሻ ሲያሯሩጣቸው፣ "እስቲ ጥላ ሥር አረፍ ይበሉ" ሲባሉ ኖረዋል። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ የሚያንኳኩት በር የለም፤ የእሳቸውንም የሚያንኳኳ የለም። ልጆቻቸው የሚመጡት እሑድ እሑድ ነው። በሌላው ቀን ቴሌቪዥኑ ሳሎን ውስጥ ብቻውን ያወራል፤ እሳቸው ማድ ቤት ቆመው ይበላሉ።

ነገሩ የጀመረው በቃላት ነው። አንድ እሑድ ምሳ ላይ ማንኪያቸውን አስቀመጡና ነርስ ልጃቸውን ጠየቁ።

"'ጎት' በእንግሊዝኛ ፍየል አይደለም እንዴ?"

"ነው። ምነው አባባ?"

"ሰው ሰውን 'ጎት ነህ' ካለውስ? መስደቡ ነው?"

ነርሷ ሳቀች። "ኧረ ሙገሳ ነው! የእንግሊዝኛው ምኅጻር ነው፣ የምንጊዜም ምርጥ ማለት። ስፖርት ወዳዶችና ዘፋኞች ናቸው ያስለመዱት።"

"እኔማ የፍየል ጺም አለህ ለማለት መስሎኝ" አሉ፣ ሙልጭ ተደርጎ የተላጨ አገጫቸውን እየዳበሱ።

በሚቀጥለው እሑድ ስለ "ሪዝ" ጠየቁ። ሳይለፉ ሰውን የመማረክ ችሎታ ነው ተባሉ። ከዚያ ስለ "ጎስቲንግ" ጠየቁ።

"እንደ ሙት መንፈስ መሰወር ነው" አለ ልጃቸው። "ሰውየው ሲጻጻፍ ይከርምና፣ ደህና ሁኚ እንኳ ሳይል እልም ይላል።"

"ይኼማ ነውር ነው" አሉ አባትየው።

የመነጽር ሠሪ ልጃቸውንም ሥራ ወደዱት። ሌንስ እንዴት እንደሚቆረጥ፣ የመነጽር እጀታ በሙቀት እንዴት እንደሚጎብጥ ጠየቁ። ሥራ ላይ እንዳለም ፎቶ አነሱት። "ፈገግ በል እንጂ፣ ለቀብር ነው እንዴ?" ልጆቹ አባታችን ነፍስ ዘሩ ብለው ደስ አላቸው።

አንድ ቀን ነርሷ የአባቷ ስልክ ጠረጴዛ ላይ ሲበራ አየች። ስልኩ በኮድ የተቆለፈ ነው፤ የገባው መልእክት ግን ከላይ ይነበባል። "የኔ ጎት፣ ሥራ እንዴት ዋለ? ናፍቀኸኛል።" የላኪዋ ስም የሴት ነው።

"ሰባ ዓመት የሞላውን ሰው 'አንተ' ስትል ምላሷ አይያዝም?" አለች ለወንድሟ። "እኛ ልጆቻቸው 'እርስዎ' የምንላቸውን!"

"የአባባን ቤት ለመውረስ አስባ ነዋ" አለ ወንድሟ።

አባታቸውን አስቀምጠው መከሯቸው።

"'ካትፊሽ' ይባላል አባባ" አለች ነርሷ። "የዓሣ ስም ነበር፤ በአንድ ፊልም የተነሣ ሌላ ትርጉም አገኘ። የሌላ ሰው ፎቶ ለጥፎ፣ ያልሆነውን ሆኖ ሰው የሚያጠምድ ማለት ነው።"

"በምን ይታወቃል?" አሉ አባትየው።

"በቪዲዮ እንተያይ ሲባል ካሜራዬ ተበላሸ ይላል። ሁልጊዜ ምክንያት አለው።"

"ሁሉም ሌባ ነው?"

"ታዲያ ለጽድቅ ነው? ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ሲባል አልሰሙም?"

"ሰው የቸገረው ሊሆን ይችላል እኮ። የሚያዋራው ሰው ያጣ።"

"ይኸው፣ ጭራሽ ጠበቃ ቆሙላት!" አለ ልጃቸው።

ኮዱን ተጠየቁ፤ አልናገርም አሉ። ስልኩ የተወሰደው ያኔ ነው።

ከዚያ ወዲህ አባትየው ጧት ጧት መነጽር ቤቱ እየመጡ ከደንበኞች ወንበር አንዱ ላይ ይቀመጡ ጀመር። ከባሏ ጋር የምትሠራው ምራታቸው ሻይ ታቀርብላቸዋለች። ሻዩ ይቀዘቅዛል። ዓይናቸው ከመሳቢያው አይነሣም።

"አንዲት ቃል ብቻ" አሉ ዐርብ ዕለት። "እንደ መንፈስ ተሰወረ እንዳትል።"

"ይረሱታል አባባ" አለ ልጃቸው፣ ሌንስ እየወለወለ። "እሷም ሌላ የምታጠምደው አታጣም።"

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ አንዲት ወጣት ሻንጣ እየጎተተች ገባች። ፊቷ የረጅም መንገድ ድካም ይታይበታል። በሩ ላይ ቆማ፣ ስልኳ ላይ ካለ ፎቶ ጋር እያስተያየች ቤቱን ቃኘች፤ ዓይኗም እንባ ሞላ።

አባትየው ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

"ይቅርታ አባባ፣ ያሳልፉኝ" አለቻቸውና ባንኮኒውን ዞራ፣ ምራትየው እያየች፣ "የኔ ጎት!" ብላ መነጽር ሠሪው አንገት ላይ ተጠመጠመች።