የላላው ገመድ

ምንትዋብ ሁለት ዓመት ቤት ተቀምጣ ጅማ ሥራ አገኘች። ሻንጣዋን ጭና መኪናዋን አስነሳች። ነዳጁን ቀስ አድርጋ ስትረግጠው ግን ሞተሩ ተንተባተበ።

አባቷ መሬት መሬቱን አየ። እንዳትሄድበት ብሎ ጠዋት አንዷን የሞተሩን የካንዴላ ገመድ ያላላው እሱ ነው። ሲያላላት ደስ ብሎት ነበር፤ አሁን የልጁን ፊት ማየት አቃተው።

"አንተ ሰውዬ፣ ጠዋት መኪናዋን ስትነካካት አልነበር? ልጄን ከሥራዋ ልታስቀራት ነው!" ሚስቱ ጮኸችበት።

የሰፈሩ መካኒክ ሸምሱ ተጠርቶ መጣና ኮፈኑን ከፍቶ ጎንበስ አለ።

"ጋሼ፣ የካንዴላ ገመድ ላልቷል።"

"በቃ አጥብቀውና ትሂድ" አለ አባት፣ እንደ ጥፋተኛ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"የትኛውን? የላሉት እኮ ሁለት ናቸው።"

አባት ቀና አለ። ሚስቱ መጮኋን ትታ፣ የሞተር ግራሶ የነካ ጣቷን ነጠላዋ ውስጥ ትሸሽጋለች።