የአባቷ ምርቃት በአንድ ዲስክ

«እትዬ ሽታዬ፣ አይገባም» አለ ቪዲዮ አቀናባሪው ኤልሳዕ፣ ከኮምፒውተሩ ቀና ብሎ። «የልጅዎ ሠርግ ሠላሳ አንድ ጊጋ ሆኗል፤ ብሉሬይ ዲስኩ የሚይዘው ሃያ አምስት ነው። የቀረኝም ይሄ አንዱ ብቻ ነው። ጥራቱን ብቀንስ ፊታቸው ይደበዝዛል። የአባትዎን ምርቃት ከመሃል ልቁረጠው?»

ሽታዬ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች። አባቷ ስክሪኑ ላይ ምርኩዛቸውን ተደግፈው፣ ከቦዲቲ እስከ ጉኑኖ ያለውን ዘመድ በየስሙ እየጠሩ ይመርቃሉ። ሳል ሲይዛቸው ሠርገኛው ሁሉ ዝም ብሎ ይጠብቃቸዋል። ሽማግሌ ሲመርቅ ማን አቋርጦ ያውቃል? ከዚያ ወዲህ ደግሞ ለሌላ ሠርግ ሳይደርሱ አርፈዋል። በፍላሽ እንዳትወስደው፣ በፊት በፍላሽ የወሰደችውን ቅጂ የልጅ ልጆቿ ዘፈን ሊጭኑበት ብለው አጥፍተውባታል። ወደ ቦምቤ የሚመልሳት መኪናም ሊሞላ ነው። ዲስኩን ከመያዣው አውጥታ በጠርዙ ያዘችና፣ ምን ያህል ቢጠብ ነው አባቴን እንቢ የሚለው እንደማለት፣ ወደ በሩ ብርሃን አዘነበለችው።

«ይሄ አምስትና ዜሮ ምንድን ነው?»

ኤልሳዕ ተቀበላትና ዓይኑን አጥብቦ አየው። ከዚያ ግንባሩን በመዳፉ መታ። «ሃምሳ! ባለ ሁለት ንብርብሩ፣ እጥፍ የሚይዘው ነው! ለካ እኔው ነኝ የሃያ አምስቱ መያዣ ውስጥ የከተትኩት!»

«ሁሉም ይገባል?»

«ሁሉም፣ እትዬ።»

«ሳሉም?»

«ሳላቸውም ሳይቀር።»

ሽታዬ ከገባች ጀምሮ ያልተቀመጠችበትን ወንበር ሳብ አድርጋ ቁጭ አለች። ስክሪኑ ላይ አባቷ ሳላቸውን ጨረሱና ከተዉበት ቀጠሉ። እሷም መኪናውን ረስታ፣ ሠርገኛው አፍ ከመክፈቱ በፊት «አሜን» አለች።