ሩብ ዙር

ሴትዮዋ ጊታሩን በአንሶላ ጠቅልለው፣ እንደ ሕፃን አቅፈው ነው ወደ ሙዚቃ መሣሪያ ጠጋኙ ሱቅ የገቡት።

ጠጋኙ አንሶላውን ሲገልጥ ፉጨት አመለጠው። ጭን ላይ ተጋድሞ፣ የብረት ዘንግ ክሮቹ ላይ እየተንሸራተተ የሚመታ የድሮ ጊታር ነው። ዕድሜው ከጠጋኙ ይበልጣል። ክንድ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ቀለሙ ተልጦ እንጨቱ ይታያል።

«የባለቤቴ ነው» አሉ ሴትዮዋ፣ ጎረቤት ያለው ልብስ ሰፊ ሳይቀር በሚሰማው ድምፅ። «ድምፁ ደክሟል። ከፍ አድርግልኝ።»

«ማጉያውን ቢጨምሩትስ፣ እትዬ?»

ሴትዮዋ ፊቱን አፍጥጠው አዩት። «አንተ ልጅ፣ ይኼን ጢምህን ብትላጨው ምን አለበት? አይጥ የዋጠ ድመት መስለሃል!»

ጠጋኙ ሳቀ። ጥግ ያለውን ማጉያ እያሳየ ደገመላቸው።

«እሱንማ ጨርሶታል። ከዚያ በላይ አይዞርም።» ወንበር ስበው ተቀመጡ። «አንድ ቀን፣ ምነው ዛሬ ቀስ አድርገህ ትመታለህ ስለው፣ ጆሮዬ ከድቶኛል፣ ልኩን አላውቅም አለኝ። በዚያው ሠላሳ ዓመት የመታበትን ባንድ ተወ። ጓደኞቹ ደንቆሮው እያሉ ይቀልዱበታል፤ እሱም አብሮ ይስቃል። እኔን ግን አንጀቴን ይበላኛል።»

«እርስዎም ሙዚቀኛ ነበሩ?»

ዓይናቸውን ከአፉ ሳይነቅሉ ፈገግ አሉ። «እኔ እዘፍን ነበር፣ እሱ ይመታ ነበር። የተጋባነውም በዚያው ነው። አሁንም ከሰዓት በኋላ እሱ ሲመታ እኔ አንጎራጉራለሁ። ሌላ ምን ቀረን? እንደ እሱ ጆሮዬ ቢከዳኝ፣ እኔ አንድ ቀን አላድርም።»

ጠጋኙ ሥራውን ያውቃል። ከክሮቹ ሥር ድምፁን የምትስብ ማግኔት ያለባት ቁራጭ አለች፤ ፒካፕ ይሏታል። ወደ ክሮቹ ስትቀርብ ድምፁ ይጎላል። ከልክ በላይ ከቀረበች ግን ማግኔቱ ክሩን ይይዘዋል፤ ድምፁም ይጣመማል። ወደ ክሮቹ ሊያስጠጋት የግራውን ቪስ ሩብ ዙር፣ የቀኙን ሩብ ዙር አዞረ። ክሩን መታ። ሱቁን ሞላው።

«እግዜር ይስጥህ» ብለው ሄዱ።

በአሥራ አምስተኛው ቀን ተመለሱ። አሁን ባልየውም አብረው ናቸው፤ ረጅም፣ ኮታቸው የሰፋባቸው ሰው።

«አሁንም አልሰማም ይላል» አሉ ሴትዮዋ።

«እንዴት ነዎት፣ ጋሼ?» አለ ጠጋኙ።

«ኧ?» አሉ ሽማግሌው፣ መዳፋቸውን ጆሮአቸው ላይ አድርገው። «ምን አልክ?»

«እንዴት ነዎት!»

«አይ፣ ሻይ ጠጥተን ነው የመጣነው!»

ሴትዮዋ እስኪያስላቸው ሳቁ፤ የባላቸውንም እጅ ያዙ። ጠጋኙ ለመሳቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም። ሌላ ሩብ ዙር አዞረ።

ከወር በኋላ የመጣው መልእክት ነው፤ እባክህን ቤት ድረስ ና የሚል። ጠጋኙ መፍቻዎቹን በቦርሳ ይዞ ከምሳ በኋላ ሄደ። በሩን አንኳኳ። የከፈቱለት ሽማግሌው ናቸው። ሴትዮዋ ከበሩ ሥር ወንበር ላይ ሹራብ ይሠሩ ነበር፤ ድንገት ሲያዩት ደንገጥ ብለው ተነሡ።

«መጣህ? ግባ፣ ግባ።» ወደ ባላቸው ዞሩ። «ምታለት እስቲ፣ ይስማ።»

ሽማግሌው ጊታሩን ጭናቸው ላይ አጋደሙ። ሴትዮዋ ወንበራቸውን አስጠግተው መዳፋቸውን እንጨቱ ላይ አሳረፉ። ዘንጉ ክሮቹ ላይ ተንሸራተተ። የመስኮቱ መስታወት ነዘረ። ሴትዮዋ ዓይናቸውን ጨፍነው ማንጎራጎር ጀመሩ። ዜማውና ክሩ ግን አልገጠሙም፤ በትንሹ ተራርቀዋል። ጠጋኙ የገዛ ሥራውን ረገመ። ማግኔቷ ክሩን ይዛዋለች፣ የገዛ እጄ ነው ያጣመመው፣ አለ በልቡ።

ሽማግሌው ሳያቋርጡ ይመታሉ። ዕንባቸው ኮሌታቸው ላይ ይወርዳል።

«አየኸው?» አሉ ሴትዮዋ ዓይናቸውን ገልጠው። «ለእሱ ይኼ ሹክሹክታ ነው። ትንሽ ከፍ አድርግለት፣ የኔ ልጅ። ትንሽ ብቻ።»

ጠጋኙ ጎንበስ ብሎ ቀጭኑን መለኪያ በፒካፕዋና በክሮቹ መካከል ሊከት ሞከረ። አልገባም። ፊቱን ወደ ሴትዮዋ አዙሮ፣ «ፒካፕዋ ከዚህ በላይ ከፍ ካለች ክሩን ትነካለች፣ እትዬ። ድምፁ ጭራሽ ይጠፋል» አላቸው።

ሴትዮዋ የባላቸውን ትከሻ መታ መታ አድርገው፣ «ሻይ ላፍላላችሁ» ብለው ወደ ማድ ቤት ገቡ።

ጠጋኙ መፍቻውን አስቀመጠ። ለአንድ ሙዚቀኛ ይኼን መንገር ከባድ ነው፤ መጮህም አልፈለገም። ከቦርሳው እርሳስና ወረቀት አውጥቶ፣ «ጋሼ፣ ጊታሩ ምንም አልሆነም። ጆሮዎትን ሐኪም ይመልከትልዎት» ብሎ ጻፈና ሰጣቸው።

ሽማግሌው አነበቡት። ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና የማድ ቤቱን በር አዩ። ከዚያ እስከዛሬ ሰምቶት በማያውቀው፣ ዝቅ ባለ፣ ረጋ ባለ ድምፅ ተናገሩ።

«የኔ ጆሮ ደህና ነው፣ ልጄ፤ ዛሬ ጠዋት ከኋላዋ ቆሜ ስሟን አራት ጊዜ ጠራሁ፤ አልዞረችም።»