ቃሬዛ የተሸከመው ደመኛ

አሰለፈች ባሏን ከይሻው ዓይን ስትሰውር የኖረች ሴት ናት። ባሏ ወርቁ የይሻውን ታላቅ ወንድም በድንበር ጠብ ገድሎ ታስሮ ነበር። ከተፈታ ወዲህ ሽማግሌ በተላከ ቁጥር የይሻው መልስ አንድ ነው፤ "የወንድሜን ደም በምልጃ አልሸጥም።"

ባለፈው መኸር ይሻው ወርቁን ከጋፋት በሚያወጣው የእግር መንገድ ብቻውን አገኘው። ወርቁ አጥንቱ ብቻ ቀርቶ በምርኩዝ ያዘግማል። ይሻው ጠመንጃውን አነጣጠረ፤ ቆይቶ አወረደው።

"ምን ሆነህ ነው?"

"እህል አልወርድ አለኝ።"

ይሻው ምራቁን ተፍቶ መንገዱን ቀጠለ። አገሩ ሁሉ "እግዜር ልቡን አራራለት" አለ። አሰለፈች ግን የወጋ ቢረሳ የተወጋ እንደማይረሳ ታውቃለች።

ወርቁ ሲብስበት ጎረቤት በቃሬዛ ሊያወርደው ተሰበሰበ። ይሻውም መጥቶ ትከሻውን ሰጠ። አሰለፈች ገደል ይጥልብኛል ብላ ደብረ ታቦር እስኪደርሱ ከጎኑ አልተለየችም። አልጣለውም። ሌላ ሰው ልቀበልህ ሲለው እንኳ እምቢ አለ።

ሆስፒታል ዶክተር ሶስና መርምራ "የምግብ ቧንቧው ላይ ዕጢ አለ፤ ደግነቱ አልተሰራጨም" አለች። "ደረቱን አንከፍተውም። በጎኑ በትንንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብተን ዕጢውን ቆርጠን እናወጣለን፤ ጨጓራውን ወደ ላይ ስበን እንቀጥልለታለን።"

"ሲድን ያርሳል?" አለ ይሻው ከበሩ ሥር።

"ቀስ በቀስ።"

"ጠመንጃስ ይሸከማል?"

ዶክተሯ ሳቀች። "ከበረታ ማን ይከለክለዋል?"

ለቀዶ ጥገናው ደም የሚሰጥ ሲፈለግ ቀድሞ እጅጌውን የሰበሰበ ይሻው ነው። አሰለፈች ሳትወድ ፈቀደች፤ የባሏ ነፍስ ነው። ወርቁ ፈሳሽ ሲፈቀድለትም ይሻው አጥሚት በፔርሙዝ ይዞ መጣ። ቀድማ እሷ ጠጣችው። መርዙ ይሠራ እንደሆነ ስትጠብቅ ዋለች፤ ምንም አልሆነችም።

ሰኔ ሲገባ ወርቁ በሬዎቹን ጠምዶ አረሰ። ያን ቀን አሰለፈችን ኀፍረት እንቅልፍ ነሳት። በማግስቱ ድንጋይ በማጅራቷ ተሸክማ ይሻው ደጅ ወደቀች።

"ወንድሜ፣ ማረኝ። ስትረዳን በክፉ ጠርጥሬሃለሁ።"

ይሻው ድንጋዩን አወረደላት፤ እጇን ይዞ አስነሣት።

"ትናንት ሲያርስ አየሁት። የረዳው ሰው አለ?"

"ማንም። እግዜር ይስጥልኝ፣ እንደ ድሮው ሆኗል።"

"እንግዲያው ንገሪው" አለ ይሻው፤ "ጠመንጃውን ይወልውል።"