በሽምብራ የሚመዘን መጽሐፍ

ጠቅ! የመጀመሪያዋ ሽምብራ ብርጭቆው ውስጥ ትወድቃለች።

የልጅ ልጄ ከረጅሙ ጠረጴዛ ጫፍ ተቀምጣ ጮክ ብላ ታነባለች፤ እግሯ መሬት አይደርስም። ከፊቷ የልጆች ቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ አለች። ልጆቹ «እትዬ መነጽር» ይሏታል፤ አንዱን መነጽር ዓይኗ ላይ፣ ሌላውን ግንባሯ ላይ አድርጋ ሦስተኛውን ስትፈልግ ነው የምትውለው። እኔ በሩ አጠገብ፣ ለሕፃን በተሠራች ወንበር ላይ፣ ጉልበቴ አገጬ ሥር ደርሶ ተቀምጫለሁ። ወንበሯን የሠራኋት ራሴ ስለሆንኩ የማማው ሰው የለም።

የእትዬ መነጽር አገማገም እንዲህ ነው። ለጀማሪ አንባቢ የሚሆን አዲስ መጽሐፍ ሲመጣ፣ ከዚያ በፊት ዓይቶት የማያውቅ ልጅ ያነበዋል። ልጁ በተደናቀፈ ቁጥር ከመክሰሷ አንዲት የተቆላ ሽምብራ ብርጭቆው ውስጥ ትጥላለች። ምንም ካልተጣለ መጽሐፉ ቀሏል። ከአንድ እስከ አራት ከሆነ መደርደሪያ ላይ ይወጣል። አምስት ከሞላ ግን ከብዷልና ወደ አሳታሚው ይመለሳል።

«አህያዋ ድል... ድል... ድልድዩ ጋ ስትደርስ ቆመች» ትላለች ልጅቷ። ጠቅ! ሁለት።

«ኧኸ! ኧኸ!» ጉሮሮዋን ትጠርጋለች። ሰባት ዓመቷ ነው። እንዲህ ያለ የሽማግሌ ሳል ከየት አመጣችው?

«ባለጋሪው... ቆይ የኔ እናት፣ ይቺ ፊደል ደግሞ ቀንድ አውጥታለች... ባለጋሪው ገፋት።»

እትዬ መነጽር ሽምብራዋን እንደያዘች ትቀራለች። «ይኼ የቱ ጋ ነው የተጻፈው?»

«እዚህ» ትላለች ልጅቷ፤ ጣቷን የአህያዋ ጭራ ላይ ታሳርፋለች።

እኔ ፊቴን ወደ በሩ አዞራለሁ። ልጅቷ ግን ማን ሊያቆማት!

«ባለጋሪው ጎተታት። ባለጋሪው ዘፈነላት። ኧረ መነጽሬን አቀብይኝ! አህያዋ ንቅንቅ አላለችም።» ከዚያ መጽሐፉን ክድን ታደርገዋለች። «አለቀ።»

«የኔ ቆንጆ፣ ገና ሁለት ገጽ አለ እኮ።»

«አባዬ እዚህ ድረስ ነው ያነበበው። ነገ እንጨርሳለን ብሎኝ መጽሐፉን መለሰው።»

አባዬ የምትለው እኔን ነው። ምነው ሌላ ሰው በሆነ!

ሁለቱም ዞረው ያዩኛል። አሥር ቀን ሙሉ፣ ከሰዓት በኋላ በረንዳ ላይ፣ እኔ እያነበብኩ እሷ እየሰማች ነበር። ጆሮዋ ሳሌን ሳይቀር ጠቅልሎ መያዙን በምን አውቄ!

«አባባ» ትላለች እትዬ መነጽር ቀስ ብላ፣ «ይኼንን መጽሐፍ የወሰዱት ለአዲሱ መደርደሪያ ልክ አልነበረም እንዴ?»

«ልክማ ለክቻለሁ፣ ልጄ። ቁመቱንም ወርዱንም... ትንሽ ደግሞ ውስጡን።»

አትስቅም። «አሁን ምን ብዬ ልሙላ? ልጅቷ በቃሏ ይዛዋለች። ዛሬ ሌላ ልጅ የለኝም፣ የአሳታሚው ሰው ደግሞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይመጣል። ያልተገመገመ መጽሐፍ ይመለሳል።»

እዚህ ቤት ያለውን መደርደሪያ ሁሉ የገጠምኩት በእነዚህ እጆች ነው፤ ከተደረደረበት መጽሐፍ ግን አንዱን እንኳ አንብቤ አልጨረስኩም። ፊደል አንድ በአንድ ሲመጣ እንተዋወቃለን፤ ተሰብስቦ ሲመጣብኝ እደነግጣለሁ። ከዚህ አንዱ መጽሐፍ ጋር ብቻ ተግባብተን ነበር። ዛሬ ከተመለሰ ያቺ አህያ ድልድዩ አፍ ላይ እንደተገተረች ትቀርብኛለች።

«ልጄ» እላለሁ፣ «መጽሐፉ ምን አጠፋ? ጥፋቱ የኔ ነው። እባክሽ አትመልሺው። አህያዋ... አህያዋ ገና አልተሻገረችም።»

እትዬ መነጽር የግንባሯን መነጽር ታወርድና የግምገማውን ቅጽ ከላይ እስከ ታች ታነባለች።

«‹ጀማሪ አንባቢ› ነው የሚለው» ትላለች። «ዕድሜ የሚሞላበት ቦታ የለውም።» የልጅቷን ሁለት ሽምብራ ወረቀቱ ላይ ገልብጣ ብርጭቆውን ባዶ ታደርጋለች። «ይምጡ አባባ። እነዚህን ሁለት ገጾች እርስዎም ዓይተዋቸው አያውቁም።»

ጠረጴዛው ጋ እቀርባለሁ። ልጅቷ ከከደነችበት ገጽ ቀጥሎ ያለውን እገልጣለሁ።

«ባለ... ባለጋሪው ደ... ደከመው።» ጠቅ! ጠቅ! «ጀርባውን ሰጥቷት ብቻውን ተ... ተሻ...» ጠቅ! «ተሻገረ።»

ልጅቷ ወንበሯ ላይ ቆማ፣ ክንዷን ብርጭቆው አጠገብ አሳርፋ፣ ማጅራቴ ላይ ትተነፍሳለች። «አህያዋስ? ተሻገረች?»

«አትቸኩይ! ገና አንድ እግሯን ነው ያነሳችው።»

የመጨረሻውን ገጽ እገልጣለሁ። አንዲት ቃል ትይዘኛለች። እታገላታለሁ። ጠቅ! አራት። ሌላዋ ትይዘኛለች። ጠቅ! አምስት። እሰማለሁ፣ ግን ማን ከቁም ነገር ቆጥሮት!

«አህያዋ ብቻዋን መቅረት አልወደደችም። ኮቴዋ ድልድዩ ላይ... ኳ! ኳ! ኳ! አለ።»

«ተሻገረች!» እላለሁ ጠረጴዛውን በመዳፌ መትቼ። «ተሻገረች እኮ!»

ልጅቷ አፏን ሳትከፍት ራሷን ብቻ ትነቀንቃለች።

ከዚያ ነው ብርጭቆው ትዝ የሚለኝ። አምስት። እኔው አንብቤ እኔው አስመለስኩት። እትዬ መነጽር እስክሪብቶዋን አንስታ ወደ ብርጭቆው ጎንበስ ትላለች። ሁለተኛውን መነጽር ትደርባለች። እኔም ጎንበስ እላለሁ።

ብርጭቆው ውስጥ አንዲት ሽምብራ ብቻ አለች።

ሁለታችንም ቀና ስንል የልጅ ልጄ ሁለት ጉንጮቿን ነፍታ፣ ከንፈሯን ግጥም አድርጋ፣ የጣሪያውን አምፖል ታያለች።

እትዬ መነጽር ቅጹ ላይ «አንድ» ብላ ትጽፋለች። ከልጅቷ አፍ ውስጥ፣ ቀስ ብሎ፣ ቅርጭ የሚል ድምፅ ይሰማል።