አንድ ቀን አተረፍሽልኝ

«በአውሮፕላን ከሆነ ነገ እኩለ ቀን ላይ ተነስተው በአንድ ሰዓት ውስጥ ይገባሉ። በባቡር ነገ ጠዋት ተነስተው ማታ ነው። አውቶቡሱ ደግሞ ዛሬ ማታ ተነስቶ ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት ያስገባዎታል» አለች ትኬት ቆራጯ፣ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳታነሳ።

«የቱ ይሻላል?» አለቻት ሴትዮዋ።

«እሱን እንግዲህ እርስዎ ነዎት የሚያውቁት።»

ድሮ እንዲህ አልነበረችም። ደንበኛው አፉን ሳይከፍት መንገዱን የምትመርጥለት እሷ ነበረች። «ይህን ሻንጣ ይዘው አውሮፕላን ቢሳፈሩ፣ የሚወርደው አብራሪው ነው» እያለች ስታስቅ ትውል ነበር። ካቆመች ሁለት ዓመቷ ነው። አለቃዋ «ሰው እኮ እኛ ጋ የሚመጣው ምክር ፈልጎ ነው» ቢላት፣ ቢቆጣት፣ ወይ ፍንክች።

ሃምሳውን የተሻገረችው ሴትዮ ቦርሳዋን ከጎኗ ባለው ባዶ ወንበር ላይ አስቀመጠች። አትቸኩልም።

«የመጣሁት ለትኬቱ ብቻ አይደለም» አለች። «የዛሬ ሁለት ዓመት ገደል የገባው አውቶቡስ ላይ ባለቤቴ ነበረበት። ትኬቱን ከኪሱ አውጥተው ሰጡኝ። የእናንተ ማህተም አለበት።»

የትኬት ቆራጯ ጣቶች ኪቦርዱ ላይ ደርቀው ቀሩ። ይህን ቀን ሁለት ዓመት ሙሉ ስትጠብቀው ኖራለች። በሩ በተከፈተ ቁጥር የሟች ወንድሞች እየጮኹ ሲገቡ ይታያት ነበር። እንዲህ ተቀምጦ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይመጣል ብላ አላሰበችም።

«ያን ቀን ትኬቱን የሸጠለት ማነው?»

«ሥራ ለቃለች» የሚለው ውሸት ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ።

«እኔ ነኝ» አለች።

«ታስታውሺዋለሽ?»

«አስታውሳቸዋለሁ። መነጽራቸውን በክራቫታቸው ይጠርጉ ነበር።» እጆቿን ከኪቦርዱ ላይ አነሳች። «በማግስቱ በአውሮፕላን ሊሄዱ ነበር ያሰቡት። አውቶቡሱ ይሻላል ያልኳቸው እኔ ነኝ። ዛሬ ማታ ከተነሱ ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት ቤትዎ ነዎት አልኳቸው። እኔ ነኝ የመረጥኩላቸው፣ እናቴ።»

ሴትዮዋ ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አለች። «እሱስ ምን አለ?»

«‹ሥራ ሳትሄድ እደርስባታለኋ› ብለው ሳቁ። ሲወጡ ደግሞ ‹ተባረኪ፣ አንድ ቀን አተረፍሽልኝ› አሉኝ።»

ይህችን ምርቃት ለሰው ተናግራት አታውቅም። ዕቃ ስታጥብ ትሰማታለች፣ ደረጃ ስትወጣ ትሰማታለች፤ ሰው «ተባረኪ» ባላት ቁጥር ትሰማታለች።

«ሥራ ሳልሄድ?»

«እንደዚያ ነው ያሉት።»

ሴትዮዋ መዳፏን አፏ ላይ አደረገች። መልሳ ስታነሳው ድምጿ ቀጥኖ ነበር።

«ተኳርፈን ነበር። እመለሳለሁ ብለሽ እንዳትጠብቂ ብሎኝ ነው ከቤት የወጣው። ሦስት ሳምንት ስልክ አላነሳልኝም። ወደ እኔ እየመጣ ይሁን ልብሱን ሊወስድ፣ አላውቅም ነበር።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «ልብሱን ሊወስድ ቢሆንማ እኔ ሥራ ስገባ ጠብቆ ነው የሚመጣው። ቁልፍ ነበረው።»

ትኬት ቆራጯ እርግማን ስትጠብቅ ነበር። እርግማኑ ቀረ። መቅረቱ ግን አላቀለላትም።

«የኔንም በአውቶቡሱ አድርጊው» አለች ሴትዮዋ።

«በባቡር ይሂዱ፣ እናቴ። እባክዎ።»

«ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት ቤቴ መግባት ነው የምፈልገው።»

ማተሚያው ትኬቱን እያጓራ ማውጣት ጀመረ።

«የቱ ጋ ነበር የተቀመጠው?»

ትኬት ቆራጯ በአገጯ ቦርሳው ያለበትን ወንበር አሳየቻት።

ሴትዮዋ ቦርሳዋን አንስታ ታቀፈችውና ወደዚያኛው ወንበር ተሻገረች። በቀስታ ተደላድላ፣ ከዚያ ሆኖ የሚታየውን ሁሉ አንድ በአንድ ታየው ጀመር፤ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ካርታ፣ በመስኮቱ በኩል የሚያልፈውን ሰው፣ ጠረጴዛው ላይ የቆመችውን የፕላስቲክ አውሮፕላን። በመጨረሻ ዓይኗ ትኬት ቆራጯ ፊት ላይ አረፈ። እዚያው ቀረ።